የቤተሰብ ፋውንዴሽን፦ ገንዘቡ ከኪስ ከወጣ በኋላ የማን ነው?

የዶናልድ ትራምፕ ፋውንዴሽን ቦርድ ለ19 ዓመት አንድም ስብሰባ አላደረገም። ለመጨረሻ ጊዜ የተሰበሰበው በ1999 ነበር። ይህን ጉድ ያወጣው የኒውዮርክ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ነው፤ በጁን 2018 ክስ ሲመሠርት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የባለቤቱ ስም ገናና ይሁን እንጂ ፋውንዴሽኑ ራሱ ደቃቃ ነበር። ቅጥር ሠራተኛ አልነበረውም። ሒሳቡን የሚይዙት የትራምፕ ኩባንያ ሰዎች ነበሩ። ታዲያ ምን ተገኘ? ማር-አ-ላጎ የተባለው ክለባቸው ከፓልም ቢች ከተማ ጋር በአንድ የባንዲራ ምሰሶ የተነሳ ተካሶ ነበር። ነገሩ በዕርቅ ሲያልቅ ክለቡ ለበጎ አድራጎት ሊሰጥ የተስማማው 100,000 ዶላር የወጣው ከፋውንዴሽኑ ሒሳብ ነው። የትራምፕ መልክ የተሳለበት ሥዕል በፋውንዴሽኑ 10,000 ዶላር ተገዝቶ የጎልፍ መዝናኛቸው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በኖቬምበር 2019 ዳኛዋ 2 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ወሰኑባቸው፤ ዋናው ምክንያት በ2016 ለቀድሞ ወታደሮች የተሰበሰበውን ገንዘብ አከፋፈል የምርጫ ዘመቻቸው እንዲመራው መደረጉ ነበር። ፋውንዴሽኑ ተዘጋ። ቀሪው ገንዘብ ለሌሎች የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተከፋፈለ። ቦርድ ውስጥ የነበሩት ሦስት ልጆቻቸውም ስለ ኃላፊነታቸው እንዲሠለጥኑ ታዘዘ።

ፖለቲካውን ለባለቤቶቹ ልተወው። እኔን የሳበኝ ነገሩ ምን ያህል ተራ መሆኑ ነው። ስሙን አውጡትና አሜሪካ ውስጥ ያለ ማንኛውም የቤተሰብ ፋውንዴሽን ሊሆን ይችላል። አባት ይፈርማል፣ ልጆች ቦርድ ናቸው ተብለው ስማቸው ተጽፏል፣ ሒሳብ ሠራተኛው የአባት ነው፣ ማንም «ይሄ ይቻላል እንዴ?» ብሎ አይጠይቅም።

በእኛም ሰፈር ፋውንዴሽን ማቋቋም እየተለመደ መጥቷል። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በዳላስ፣ በአትላንታ፣ በሲያትል። አንዱ በእናቱ ስም ለተወለደበት ቀበሌ ውኃ ያስቆፍራል። ሌላዋ በአባቷ ስም ቤተ መጻሕፍት ትከፍታለች። ሥራው ደስ ይላል። አስተዳደሩ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው ጭንቅላትና በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ነው ያለው። እኔ እንደሚመስለኝ ትንንሾቹ ፋውንዴሽኖች ችግር ውስጥ የሚገቡት በሌብነት ከሚገቡት ይልቅ «የራሴ ገንዘብ አይደል?» በሚል ሐሳብ ነው። መልሱ አጭር ነው። አይደለም። ለታክስ ቅናሽ ተቆጥሮ ከኪስ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የሰጪው አይደለም።

ሳያውቁት «የግል» መሆን

የአሜሪካ የታክስ ሕግ 501 ሲ 3 የሚባሉትን፣ ማለትም ከታክስ ነፃ የሆኑትን የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሁለት ቦታ ይከፍላቸዋል፦ የሕዝብ በጎ አድራጎት ድርጅትና የግል ፋውንዴሽን። ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል በሥራቸው ዓይነት ብቻ የመጀመሪያው ውስጥ ይገባሉ። ሌላው ግን ገንዘቡ ከብዙ ሰው መምጣቱን በቁጥር ማሳየት አለበት። በግርድፉ ሲሶው ከሕዝብ መሆን ይጠበቅበታል፤ ከአንድ ሰው የመጣ ገንዘብ ከጠቅላላው ድጋፍ 2 በመቶ ካለፈ ትርፉ እንደ ሕዝብ ድጋፍ አይቆጠርም። ባልና ሚስት ደግሞ እንደ አንድ ሰው ናቸው። ከሲሶ በታች ወርዶም እስከ አንድ አስረኛ ድረስ የሚያልፉበት ቀዳዳ አለ፤ ግን ማስረዳት ይጠይቃል። ያላሳየ የግል ፋውንዴሽን ነው። ሕጉ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

እንበል አንድ ባልና ሚስት የሕዝብ ድርጅት ነን ብለው ፈቃድ አወጡ። ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ሕጉ ይታገሣቸዋል። በዓመት አንዴ እራት ያዘጋጃሉ፤ ክትፎው ይሸጣል፣ ሎተሪው ይወጣል፣ ጥቂት ሺህ ዶላር ይገኛል። የቀረው ሁሉ ከእነሱ ደመወዝ ነው። ስድስተኛው ዓመት ላይ ስሌቱ ሲሠራ አያልፉም። ከዚያ በኋላ የግል ፋውንዴሽን ናቸው። ደብዳቤ ላይደርሳቸው ይችላል። ራሳቸው ማወቅ ነበረባቸው።

ይሄ የስም ለውጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልደከምኩ። ዓመታዊ ገቢው ብዙውን ጊዜ ከ50 ሺህ ዶላር የማይበልጥ የሕዝብ ድርጅት ፖስትካርድ የምትባለውን ቅጽ 990-ኤን በኢንተርኔት በአምስት ደቂቃ ሞልቶ ይገላገላል። የግል ፋውንዴሽን ግን ይህ ዕድል የለውም። በዓመቱ አንድ ሳንቲም ባይገባለትም ቅጽ 990-ፒኤፍን መሙላት አለበት። ዓመቱን በዲሴምበር የሚዘጋ ከሆነ እስከ ሜይ 15 ድረስ። ቅጹ ወፍራም ነው፤ በገዛ እጁ ሞልቶ የሚጨርሰው ብዙ ሰው የለም። እናም ባልና ሚስቱ እንደ ልማዳቸው ፖስትካርዷን እየላኩ ይቀጥላሉ። መላክ የነበረባቸውን ቅጽ ግን አልላኩም። ከ2006 ወዲህ ባለው ሕግ የሚጠበቅበትን ቅጽ ሦስት ዓመት በተከታታይ ያላስገባ ድርጅት ከታክስ ነፃነቱ በራሱ ጊዜ ይሰረዛል። ስሙም አይአርኤስ (የአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት) በሚያወጣው ዝርዝር ላይ ይሰፍራል፤ ማንም ፈልጎ ሊያየው ይችላል።

ከ2026 ጀምሮ አንድ ልዩነት ተጨምሯል። ወጪውን በዝርዝር የማያስመዘግብ ታክስ ከፋይ ለበጎ አድራጎት በጥሬ የሰጠውን እስከ 1,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት አብረው ሲሞሉ እስከ 2,000 ዶላር ታክስ ከሚከፈልበት ገቢው ላይ መቀነስ ይችላል። ብዙው ወገናችን እዚህ መደብ ውስጥ ነው። ነገር ግን ለተለመደው ዓይነት የግል ፋውንዴሽን የተሰጠ አይቆጠርም። ስለዚህ እራቱ ላይ 50 ዶላር የሰጠችው እንግዳ ደረሰኟን ይዛ ስትሄድ የሚጠቅማት መሆን አለመሆኑን መናገር ያለበት አዘጋጁ ነው።

በ2025 የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት ረቂቅ ሕግ ከ50 ሚሊዮን ዶላር ሀብት ጀምሮ ባሉ ፋውንዴሽኖች ላይ የኢንቨስትመንት ትርፍ ታክሱን ከፍ ሊያደርግ ነበር፤ በመጨረሻው ሕግ ውስጥ አልገባም። ትንንሾቹን ቀድሞም አይነካም ነበር። እነሱ ዛሬም ከኢንቨስትመንት ትርፋቸው 1.39 በመቶ ይከፍላሉ። 16,000 ዶላር ያተረፈ 222 ዶላር ገደማ ማለት ነው። ይሄ ማንንም አያከስርም።

ቃል የገባው ማን ነው?

የሚያከስረው ሌላ ነው። በ1969 የወጣው የታክስ ማሻሻያ በፋውንዴሽኑና በውስጥ ሰዎቹ መካከል የሚደረግ ማንኛውንም ግብይት ከለከለ። የውስጥ ሰው የሚባሉት ዋነኛው ለጋሽ፣ ኃላፊዎቹና የቦርድ አባላቱ፣ እንዲሁም የእነዚህ ባለትዳሮች፣ ወላጆች፣ ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ የእነሱም ልጆችና የሁሉም የትዳር ጓደኞች ናቸው። በእነዚህ ሰዎች እጅ ያለ ኩባንያም ይጨመራል።

«ማንኛውንም» ስል የምሬን ነው። ዋጋው ጥሩ ይሁን መጥፎ አይጠየቅም። መሥራቹ 12,000 ዶላር የሚያወጣ መኪናውን ለፋውንዴሽኑ በ6,000 ቢሸጥ ፋውንዴሽኑ ተጠቀመ፤ ሕጉ ግን ተጣሰ። ቢሮ በነፃ ቢሰጥ ይቻላል። በወር 1 ዶላር ቢያከራይ አይቻልም። ያለ ወለድ ለፋውንዴሽኑ ቢያበድር ይቻላል። ከፋውንዴሽኑ ቢበደር፣ ነገ ጠዋት ቢመልስም፣ አይቻልም።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ቅዳሜ ማታ የደብሩ የሕንፃ መግዣ ገቢ ማሰባሰቢያ አለ እንበል። አዳራሹ ጢም ብሏል። አስተባባሪው ማይክ ይዞ ስም እየጠራ ነው። አንድ ጋሼ ተነስተው «ዐሥር ሺህ ዶላር!» ይላሉ። እልልታው ይቀልጣል። የቃል መግቢያ ወረቀቱ ይመጣል፣ ይፈርማሉ። ሰኞ ቼኩን የሚጽፉት ግን ከፋውንዴሽናቸው ሒሳብ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ሕጋዊ፣ ዓላማው በጎ፣ ጋሼም ለራሳቸው አምስት ሳንቲም አላስቀሩም። ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?

ፊርማው ላይ። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የእርሳቸው ነው። በሕግ የሚያስጠይቅ ቃል ከሆነ ዕዳው የግላቸው ነበር፤ ፋውንዴሽኑ የእርሳቸውን ዕዳ ከፈለ። ቅጣቱ የሚያርፈው በጋሼ ላይ ነው፦ የገንዘቡ 10 በመቶ፣ ነገሩ እስኪስተካከል ድረስ ባለው በእያንዳንዱ ዓመት። ማለትም በዓመት 1,000 ዶላር። ዐሥሩን ሺህም ለፋውንዴሽኑ መመለስ አለባቸው። አሻፈረኝ ካሉ ሁለተኛው ቅጣት 200 በመቶ ነው፣ 20,000 ዶላር። እያወቀ የፈቀደ የቦርድ አባልም 5 በመቶ ይደርስበታል። «አላወቅሁም ነበር» እዚህ ጋ አይሠራም። ሌሎቹን የፋውንዴሽን ቅጣቶች አይአርኤስ በቂ ምክንያት ካየ ሊያነሳ ይችላል፤ የዚህን የመጀመሪያ ዙር ግን አያነሳም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጋሼ ሲነሱ የፋውንዴሽኑን ስም ይጥሩ፣ ወረቀቱ ላይም የፋውንዴሽኑ ስም ይጻፍ፣ ቦርዱም አስቀድሞ ይወስን። ያን ጊዜ ቃሉ የፋውንዴሽኑ ነው። ክብሩ ትንሽ ይቀንስ ይሆናል።

ሁለተኛው የተለመደ ነገር የአውሮፕላን ትኬት ነው። ለጥምቀት ቤተሰቡ በሙሉ አገር ቤት ይሄዳል። ከጎንደር ትንሽ ወጣ ብሎ ያለውን ትምህርት ቤት አንድ ቀን ያዩታል፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ሁሉም ትኬት «የፕሮጀክት ጉብኝት» ተብሎ ከፋውንዴሽኑ ይከፈላል። ሥራውን በእውነት የምትሠራ ሰው የሥራዋን ወጪ ብታስከፍል ተገቢ ነው። የ14 ዓመቱ ልጅ ትኬት ግን የቤተሰብ ሽርሽር ነው፤ ሪፖርት ላይ ምንም ቢባል።

አንድ የሚገርም ነገር አለ። ወንድምና እህት በዚህ የተከለከሉ ዘመዶች ዝርዝር ውስጥ የሉም። የእህት ልጅም የለም። ራሳቸው ለጋሽ ወይም ኃላፊ ካልሆኑ በቀር። የሕጉ አርቃቂዎች ስለ ቤተሰብ ሲያስቡ ወደ ታችና ወደ ላይ እንጂ ወደ ጎን አላዩም። የሐበሻ ቤተሰብ ደግሞ ትልቁ ጉልበት ወደ ጎን ነው። ባሕር ዳር ያለው ታናሽ ወንድም ግንባታውን ይቆጣጠራል፣ ክፍያ ይቀበላል፣ ብሎኬቱንም ከጓደኛው ይገዛል። ይሄ በአይአርኤስ ዓይን የተከለከለ ግብይት ላይሆን ይችላል። ግን ደመወዙን ማን ወሰነው? ዋጋ ከስንት ቦታ ተጠየቀ? ወንድምየው ባይሆን ኖሮ ይቀጠር ነበር? የሕጉ ዝርዝር ዝም ባለበት ቦታ መልስ ሊሰጥ የሚችለው የፋውንዴሽኑ መዝገብ ብቻ ነው።

እድሩ ያለው፣ ቦርዱ የሌለው

እዚህ ላይ ትንሽ እበሳጫለሁ። እድር ለሚያውቅ ሕዝብ ቦርድ ምን እንደሆነ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። እድር ላይ ሰብሳቢው ገንዘብ አይዝም። ገንዘብ ያዡ ቃለ ጉባኤ አይጽፍም። የቀረ ይቀጣል፣ ያረፈደም ይቀጣል፣ ሒሳብ በአባላት ፊት ይነበባል። በዚህ ያደገ ሰው አሜሪካ መጥቶ ፋውንዴሽን ሲያቋቁም ግን ራሱ ሰብሳቢ፣ ራሱ ገንዘብ ያዥ፣ ራሱ ጸሐፊ ይሆናል። ሚስቱና ልጁ «አባላት» ይባላሉ። ልጁ አባል መሆኑን የሚያውቀው የታክስ ቅጹ ላይ ስሙን ሲያይ ነው።

የፌዴራሉ ሕግ የቦርድ አባላት ዘመድ እንዳይሆኑ አያስገድድም። ቤተሰብ ብቻ የተቀመጠበት ቦርድ ሕጋዊ ነው። ቁጥሩን የሚወስነው ክፍለ ግዛቱ ነው፤ ኒውዮርክ ለምሳሌ ቢያንስ ሦስት ሰው ይጠይቃል። ስለዚህ ከውጭ አንድ ሁለት ሰው መጨመር ግዴታ አይደለም። እኔ ግን ግዴታ እንደሆነ አድርጌ ባየው ይሻላል ባይ ነኝ። ሲመርጡም «አዎ» ባይ ወዳጅ አይምረጡ። ሒሳብ የሚያውቅ፣ ገንዘቡ ላይ ምንም ተስፋ የሌለው፣ ደፍሮ «ጋሼ፣ ይሄ አያስኬድም» ማለት የሚችል ሰው። በእኛ ባህል ታላቅን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ከባድ ነው። ስለዚህ ሥልጣኑን በወረቀት ማስቀመጥ ይጠቅማል፦ ከዚህ ያህል ዶላር በላይ የሆነ ክፍያ ሁለት ፊርማ ይፈልጋል፣ ጥቅም ያለው ሰው ከክፍሉ ወጥቶ ይጠብቃል፣ ድምፅም አይሰጥም። እንዲህ ከተጻፈ እምቢ ያለው ሰውዬው ሳይሆን ደንቡ ነው፤ ጋሼም አይቀየሙም።

ቃለ ጉባኤ ላይም ሰው ይሰንፋል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚል ሕዝብ ሆነን። አንድ ገጽ ይበቃል። ማን ነበረ፣ ምን ተወሰነ፣ ለምን፣ ማን ተቃወመ። ለአንድ የቦርድ አባል ለሥራው ክፍያ ከተወሰነ ደግሞ ተመሳሳይ ሥራ ሌላ ቦታ ስንት እንደሚከፈል የታየበት ወረቀት አብሮ ይያያዝ። መጠነኛና ለሥራው የሚመጥን ክፍያ ሕጉ ይፈቅዳል፤ መጠነኛ መሆኑን ማሳየት የከፋዩ ፋንታ ነው።

የግል ፋውንዴሽን የሚሞላው ቅጽ ደግሞ ለሕዝብ ክፍት ነው። ፕሮፐብሊካ የተባለው የዜና ተቋም ድረ ገጽ ላይ የፋውንዴሽኑን ስም አስገብቶ ማንበብ ይቻላል። ለማን ስንት እንደተሰጠ፣ ለማን ደመወዝ እንደተከፈለ፣ የትልልቅ ለጋሾች ስም ሳይቀር። ለሕዝብ ድርጅት የለጋሽ ስም ይሸፈናል፤ ለግል ፋውንዴሽን አይሸፈንም። ስሜ አይታወቅ የሚል ዘመድ ካለ ይህን ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ቢሰማ ጥሩ ነው።

በየዓመቱ መሰጠት ስላለበት ገንዘብ ባጭሩ ልለፍ። ፋውንዴሽኑ ለኢንቨስትመንት ከያዘው ሀብት አማካይ ዋጋ ወደ 5 በመቶ የሚጠጋ ለበጎ ሥራ ማውጣት አለበት። 400 ሺህ ዶላር ያለው 19,700 ገደማ፣ እስከሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ድረስ። ተገቢ የሆኑ የአስተዳደር ወጪዎችም እዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። ያላወጣ ከቀረው ላይ 30 በመቶ ይቀጣል። ገንዘብ ባንክ አስቀምጦ «ፋውንዴሽን አለኝ» ማለት አይቻልም ማለት ነው።

ዶላሩ አገር ቤት ሲደርስ

የአሜሪካ የግል ፋውንዴሽን ለውጭ አገር ድርጅት ሲሰጥ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ተቀባዩ የአሜሪካ የሕዝብ ድርጅት አቻ መሆኑን በባለሙያ ማስመስከር ነው፤ ጥሩ ነው፣ ግን ውድ ነው። ሁለተኛው አወጣጡን ራስ መከታተል ነው። ከመስጠት በፊት ተቀባዩን ማጣራት፣ የተፈረመ ውል መያዝ፣ ገንዘቡ ለብቻው እንዲያዝ ማድረግ፣ ተቀባዩ በየዓመቱ እንዲያስረዳ መጠየቅ፣ ያንንም በ990-ፒኤፍ ላይ ለአይአርኤስ መግለጽ። ከእነዚህ ሁለቱ በአንዱም ሳይሄድ ለአንድ የሰፈር ማኅበር 15,000 ዶላር የላከ ፋውንዴሽን 3,000 ዶላር ታክስ ይጠብቀዋል። ተቀባዩ የመንግሥት አካል ከሆነ፣ ለምሳሌ የመንግሥት ትምህርት ቤት ወይም ሆስፒታል፣ መንገዱ ይቀላል፤ ገንዘቡ ለበጎ ሥራው ብቻ መዋሉ ግን መረጋገጥ አለበት። ለተማሪዎች በስማቸው ስኮላርሺፕ መስጠት ካማራችሁ ደግሞ የምርጫውን አሠራር አይአርኤስ አስቀድሞ ማጽደቅ ይኖርበታል። ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው ለሦስተኛ ዙር ተማሪዎች ከፍሎ ሲያበቃ ነው።

የኢትዮጵያ ወገን የራሱ ሕግ አለው። የ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ጉዳይ የሚሠሩ የአገር ውስጥ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙትን ገንዘብ በ10 በመቶ ገድቦ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ያን ገደብ አነሳ። የአስተዳደር ወጪ ግን ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ አደረገ። ድርጅቱ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን መመዝገብና በየዓመቱ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ማቅረብ አለበት። ስለዚህ ሜሪላንድ ያለው ሰጪ «ፈቃዳችሁን ላኩልኝ፣ ያለፈውን ዓመት ሪፖርት ላኩልኝ» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለውም። አሜሪካ የሚጠየቀውም ያንኑ ማስረጃ ነው።

ሁለቱን ወገን ለማገናኘት ሲሞከር ግን አስቂኝ ነገሮች ይገጥማሉ። የበጀት ዓመቱ አንዱ በዲሴምበር፣ ሌላው በሰኔ መጨረሻ ያልቃል። ደረሰኙ በእኛ አቆጣጠር ነው። በ2024 የጸደይ ወራት ለተገዛ ቆርቆሮ «2016» የሚል ደረሰኝ የሚያይ አሜሪካዊ ሒሳብ ሠራተኛ የስምንት ዓመት አሮጌ ወረቀት የላኩለት ይመስለዋል። ጳጉሜን 3 የሚል ቢያገኝማ አስራ ሦስተኛ ወር ከየት መጣ ብሎ ይደውላል። እያንዳንዱ ደረሰኝ ጥግ ላይ የፈረንጁን ቀንና የዶላሩን ልክ በእርሳስ መጻፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ከካርቶን ውስጥ እያወጡ መተርጎም ግን የሳምንት ሥራ ይሆናል።

ምንዛሬው ይበልጥ ከባድ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲፈቀድ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ከዚያ በፊት 10,000 ዶላር 570,000 ብር አካባቢ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከሚሊዮን በላይ። ውሉ «ሁለት ክፍል ይሠራል፣ 10,000 ዶላር» ብቻ የሚል ከሆነ ትርፉ ብር የማን ነው? ሦስተኛ ክፍል ይሠራበት? ይመለስ? የሲሚንቶው ዋጋ ስንቱን በላው? ውሉ ውስጥ አንድ መስመር ቢኖር ኖሮ ጠብ አይኖርም ነበር።

ከዚያ ደግሞ ጥቁር ገበያው አለ። ልዩነቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። «በእጅ ብንልከው እኮ አንድ ክፍል ተጨማሪ ይሠራል» የሚለው ክርክር በየቤተሰቡ አለ፤ የሚከራከሩትም ለራሳቸው የሚሹት ነገር የላቸውም። ነገር ግን በኢትዮጵያ ሕግ የተከለከለ ነው። በአሜሪካ በኩል ደግሞ ዶላሩ ከፋውንዴሽኑ ወጥቶ የአንድ ግለሰብ ኪስ ይገባል፤ ተቀባዩ ድርጅት መቀበሉን የሚያሳይ የባንክ ወረቀት የለም፤ የተመነዘረበት ዋጋም የለም። አወጣጡን ተከታትያለሁ ያለ ሰው በምን ያሳያል? በዚህ ጉዳይ ላይ መሐል ሰፋሪ መሆን አልችልም። ፋውንዴሽን ከሆነ በባንክ ይላክ። በእጅ መላክ የፈለገ ሰው ታክሱን ከፍሎ ከገዛ ኪሱ ይላክ።

ያለ ፋውንዴሽንም ይሰጣል

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው «ታዲያ ምን አደከመኝ?» ቢል አልፈርድበትም። በዓመት 8 ወይም 10 ሺህ ዶላር ለሚሰጥ ቤተሰብ የራስ ፋውንዴሽን ብዙ ጊዜ የሚያዋጣ አይመስለኝም። የሒሳብ ባለሙያው ክፍያ ብቻ ከስጦታው ጉልህ ድርሻ ይበላል። እንደ ፊደሊቲ ቻሪተብል ባሉ ተቋማት ሥር የስጦታ ሒሳብ ከፍቶ፣ ታክሱን ያኔውኑ ቀንሶ፣ ለማን ይሰጥ የሚለውን ቀስ ብሎ ማመልከት ይቻላል። ቅጹንም፣ ኦዲቱንም እነሱ ይሠሩታል። ወደ አገር ቤት ለመላክ ደግሞ እንደ ግሎባልጊቪንግና ካፍ አሜሪካ ያሉ ድርጅቶች ማጣራቱን ራሳቸው ይሠራሉ፤ ኮሚሽን ይወስዳሉ፣ ግን ሥራው ይገባቸዋል። የእናት ስም እዚያም ላይ ሊጻፍ ይችላል።

ፋውንዴሽን ያላቸው ደግሞ መዝጋትም እንደሚቻል ይወቁ። መሥራቹ ሲያረጅ፣ ልጆቹ ፍላጎት ሲያጡ፣ ቅጹ በየዓመቱ እያረፈደ ሲሄድ ማለት ነው። የቀረው ገንዘብ ወደ ቤተሰቡ አይመለስም፤ መቋቋሚያ ሰነዱ ላይ ይህ ከመጀመሪያው ተጽፏል፣ ካልተጻፈ ፈቃዱም ባልተሰጠ። ለተወሰኑ ዓመታት በሕዝብ ድርጅትነት ለቆየ ተቋም ይሰጣል፣ ለክፍለ ግዛቱ ዐቃቤ ሕግ ማሳወቅ የሚያስፈልግበት ቦታ ይነገራል፣ የመጨረሻው 990-ፒኤፍ «የመጨረሻ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ተደርጎበት ይላካል። የባንክ ሒሳቡን ከዚያ በፊት አትዝጉት። የሒሳብ ባለሙያው የመጨረሻ ክፍያ ከዚያ ነው የሚወጣው።